ነፋሱ ሳይመጣ ማን ቆጠረ? ስለ ደሴቶች እርሻና ደን ከመናገሻ የተነሣ ጥያቄ

የመናገሻዋ
ጥቅምት 2፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው የመታንን ነፋስ በመናገሻና በኮሎቦ በኩል ያላችሁ አትረሱትም። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። በረዶ ቀላቅሎ መጣ። የሁለት ጎረቤቶቻችንን ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደ፣ መንገድ ዳር የቆመውን የባሕር ዛፍ ተርታ ጣለ፣ ገና እያሸተ የነበረው ጤፍ በሙሉ ጋሸበ። እናቴ «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነፋስ አላየሁም» አለች።

እኔ የልማት ሠራተኛ ነኝ። በማግስቱ የጉዳት ቅጽ ይዤ ወጣሁ። ቅጹ ላይ «ከጉዳቱ በፊት የነበረ» የሚል ዓምድ አለ። ስንት ዛፍ ነበረ? ጤፉ ቁመቱ የት ደርሶ ነበር? ማሳው አምና ስንት ኩንታል ሰጠ? የሚያውቅ የለም። የሚመለከተውን ቢሮ ብጠይቅ «ገምተሽ ሙይው» አሉኝ። ገምቼ ሞላሁት። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ባል የሞተባት አንዲት እናት ማሳዋ ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ በግምት ቁጥር እጽፍላታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስለ ነፋስ አነባለሁ። ነፋስን አብጠርጥረው ያጠኑት በየጊዜው የሚመታቸው ደሴቶች ናቸው። በተለይ በካሪቢያን ባሕር ያለችው ፖርቶ ሪኮ። መስከረም 10 ቀን 2010፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 20፣ 2017፣ ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ገባባቸው። ከዚህ በኋላ ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በደቡብ ምሥራቅ ያቡኮዋ በምትባል ከተማ ገብቶ ደሴቲቱን ሰንጥቆ ወጣ። የአገሩ መብራት በሙሉ ጠፋ። ተራራ ላይ ላሉት የመጨረሻ ቤቶች ተመልሶ የበራው ከ11 ወር ገደማ በኋላ ነው። የግብርና መሥሪያ ቤታቸው ከሰብሉ ዋጋ 80 በመቶው እንደጠፋ ገመተ፣ ጠቅላላ የግብርናው ኪሳራ ደግሞ 780 ሚሊዮን ዶላር ተባለ። ቀድሞም ቢሆን ከሚበሉት ምግብ 85 በመቶ ያህሉ በመርከብ የሚመጣ ነበር። ወደቡ ሲዘጋ ምን እንደሆኑ አስቡት።

እኔን ያስቆመኝ ግን የሟቾቹ ቁጥር ነው። መጀመሪያ 64 ሰው ሞተ ተባለ። በኋላ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በቀደሙት ዓመታት በእነዚያ ወሮች ስንት ሰው ይሞት እንደነበር አዩ። ከዚያ በላይ የሞተውን ሲያሰሉ 2,975 ሆነ። መንግሥትም በኦገስት 2018 ይህንኑ ቁጥር ተቀበለ። ኦክስጅን ሲቋረጥ የሞተው፣ መድኃኒቱ የተበላሸበት፣ መንገድ ተዘግቶ ሐኪም ጋ ያልደረሰው፣ ሁሉም የተገኘው ከነፋሱ በፊት የተጻፈ መዝገብ ስለነበረ ነው።

ደኑም እንደዚሁ። ኤል ዩንኬ የሚባል የዝናብ ደን አላቸው፣ 11,000 ሄክታር ያህል። እዚያ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ዛፍ የሚለኩባቸው ቦታዎች አሉ። በ1990 ደግሞ 16 ሄክታር ከልለው በውስጡ ያለውን ግንድ፣ ከጣት የማይወፍረውን ሳይቀር፣ ቁጥር ሰጥተው መዘገቡ። በየአምስት ዓመቱ ገደማ ተመልሰው ይለካሉ። ማሪያ ሲመጣ የትኛው ዛፍ ቆመ፣ የትኛው ተሰበረ፣ የትኛው ከነሥሩ ተነቀለ ብሎ መለየት ተቻለ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እኛም በሱባ ደን ጫፍና በየማሳችን እንዲህ ያለ ቆጠራ መጀመር እንችላለን? ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ።

ኬላው
ጥቅምት 2፣ ከምሽቱ 4:05

እህቴ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ጥሩ ጽፈሻል። ግን በቅንነት ልጠይቅሽ። እኛ ባሕር የለንም። እኔ ቡራዩ ነው ያደግኩት። የአባቴ ማሳ ዙሪያውን ቤት ሆኗል፣ የቀረችው ሩብ ሄክታር ናት። የማዳበሪያ ዋጋ የሚነካ አይደለም። አባቴ በዚህ መሀል ስለ ፖርቶ ሪኮ ነፋስ ቢሰማ ምን ይፈይድለታል? ለመከራከር አይደለም፣ እውነት መልሱን ስለምፈልግ ነው።

ደመና_ቆጣሪ
ጥቅምት 3፣ ከጠዋቱ 1:20

ወንድሜ ኬላው፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። የአየር ጠባይ ነው የተማርኩት፣ የማውቀውን ላካፍልህ።

አውሎ ነፋስ የሚኖረው በሞቃት ባሕር ነው። የውሃው ሙቀት 26 ወይም 27 ዲግሪ ካልደረሰ አይነሣም፣ የብስ ላይ ሲወጣ ደግሞ ጉልበቱ ይደክማል። ስለዚህ አዲስ አበባ ድረስ አውሎ ነፋስ ሆኖ አይመጣብንም። መስከረም ላይ የመታችሁ ከነጎድጓድ ደመና ቁልቁል የሚወርድ ነፋስ ነው፣ ዝርያው ሌላ ነው።

ግን ልብ በል። በክረምት ከሰዓት በኋላ በተራሮቻችን ላይ የሚቆለለውን ጥቁር ደመና ታውቀዋለህ። እሱ እዚሁ አያልቅም። ከላይ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ፈጣን ነፋስ አለ። ደመናው በሱዳንና በዳርፉር ተራሮች፣ በቻድ፣ በኒጀር አድርጎ እንደ ማዕበል እየተጠማዘዘ ሴኔጋል ይደርስና አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይወጣል። አብዛኛው እዚያው ይበተናል። ባሕሩ ሲሞቅና ነገሩ ሲመቸው ግን አንዳንዱ አውሎ ነፋስ ይሆናል። በአትላንቲክ ከሚነሡት ብርቱዎቹ አውሎ ነፋሶች ከ100 ወደ 85 የሚሆኑት መነሻቸው ከአፍሪካ የሚወጣ እንዲህ ያለ ማዕበል ነው። ማሪያም ራሱ ሴፕቴምበር 12፣ 2017 ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የወጣ ማዕበል ነበር። በ2000 የተነሣውን አልቤርቶ የተባለ አውሎ ነፋስ ደግሞ ሁለት አጥኚዎች በሳተላይት ምስል ወደ ኋላ ተከትለው እኛ ተራራ ላይ የተነሣ የነጎድጓድ ደመና ጋ አድርሰውታል። ይህን የመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ከቢሮ ወጥቼ እንጦጦን ቆሜ አየሁት።

የእኛን እርሻ የነካም አለ። በ2018 መኩኑ እና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች የዓረብን በረሃ በዝናብ አጠጡት። እዚያ ሳር በቀለ፣ አንበጣው ሰው ሳያየው ተራባ። በ2019 እና በ2020 ማሽላና ጤፋችንን የበላው መንጋ መነሻው ይህ ነው። አባትህ አንበጣውን ያስታውሱታል ብዬ አምናለሁ።

ጋሼ_ሱባ
ጥቅምት 3፣ ከቀኑ 6:30

ልጄ የመናገሻዋ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ከደን ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጽሑፍሽን የልጅ ልጄ አነበበልኝ፣ ይህንንም እሱ ነው የሚጽፍልኝ።

የሱባን ጽድ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥቶ አስተከለው ይባላል። 500 ዓመት አልፎታል። ባሕር ዛፉ በምኒልክ ጊዜ የመጣ ነው። ልዩነታቸውን በዚያ ነፋስ አይተሻል። የመንገድ ዳሩ ባሕር ዛፍ ጠቦ የተተከለ፣ ቀጭንና ረጅም ነው። መንገዱ ሲቆረጥ ደግሞ በአንድ ጎን ሥሩ ተቆርጧል። አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ ይወድቃል። ጽዱ ግን ጫፉን ሰበረ እንጂ ቆመ። እኔ ማግስቱን ሄጄ አይቻለሁ።

ስለ ኤል ዩንኬ ከሥራ ዘመኔ ጀምሮ አነብ ነበር። ታቦኑኮ የሚባል ትልቅ ዛፍ አላቸው። ሸንተረር ላይ ይበቅላል፣ መሬት ውስጥ የአንዱ ሥር ከሌላው ሥር ጋር ይጋጠማል። ነፋስ ሲመጣ ተያይዘው ይቆማሉ። ሴክሮፒያ የሚባለው ደግሞ ግንዱ ባዶ ነው፣ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው። ነገር ግን ዘሩ አፈር ውስጥ ብርሃን ይጠብቃል። ደኑ ሲከፈት ቀድሞ የሚበቅለውም እሱ ነው። የተራራ ዘንባባም አላቸው፣ ቅጠሉን አራግፎ ግንዱን ያድናል።

በማሪያ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ተናጋ። ማሪያ ኡሪያርቴ የምትባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከጓደኞቿ ጋር ቆጥራለች። በ1989 ከመጣው ሁጎ እና በ1998 ከመጣው ጆርጅስ ጋር ሲተያይ፣ አውሎ ነፋሱ ማሪያ ሁለት እጥፍ ዛፍ ገደለ፣ ሦስት እጥፍ ግንድ ሰበረ። እንጨታቸው ጠጣር የሆነውና በሌላው ጊዜ የማይሰበሩት ሳይቀሩ ተሰበሩ። ዘንባባው የተሻለ ቆመ። ነፋሱ እየበረታ ከሄደ የወደፊቱ ደን አጠር ያለ፣ ዘንባባ የበዛበት ሊሆን ይችላል የሚሉት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የምወደው ሙከራ ስለሆነ ነው። አውሎ ነፋስ ሁለት ነገር ባንዴ ያደርጋል። ከላይ ደኑን ከፍቶ ብርሃን ያስገባል፣ ከታች ደግሞ የዓመት ቅጠል በአንድ ቀን ያወርዳል። ለውጡን የሚያመጣው የትኛው ነው? ይህን ለመለየት ሠራተኞች ዛፍ ላይ ወጥተው ቅርንጫፉን በእጃቸው ቆረጡ። አንዱን ቦታ ቆርጠው የወደቀውን እዚያው ተዉት። ሁለተኛውን ቆርጠው ጠረጉት። ሦስተኛውን ሳይቆርጡ ከሌላ ቦታ ያመጡትን ቅጠልና ቅርንጫፍ በተኑበት። አራተኛውን አልነኩትም። ከዚያ ዓመት ከዓመት ለኩ። አብዛኛውን ለውጥ ያመጣው የደኑ መከፈት ሆኖ ተገኘ። የወደቀው ደግሞ አፈሩን ይመግባል። እኛ ጋ ነፋስ የጣለውን በሦስት ቀን ውስጥ ለቅመን ለማገዶ ጨረስነው። አልፈርድም፣ ሰው ማገዶ ያስፈልገዋል። ቢያንስ ቅጠሉን እዚያው ብትተዉት ግን መሬቱ ያመሰግናችኋል።

የቸሃ_ልጅ
ጥቅምት 3፣ ከምሽቱ 1:10

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። እኔ ሰበታ ነው የምኖረው፣ ሥሬ ጉራጌ ነው።

ሙዝ በነፋስ ጊዜ ቀድሞ የሚወድቅ ተክል ነው። ግንድ የሚመስለው የቅጠል እግር ጥቅልል ነው፣ ሥሩም ከላይ ከላይ ነው። እንሰትም የሙዝ ዘመድ ነው። ግን እኛ ዘንድ እንሰት ቢወድቅም ምግብ ነው። ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ይቀመጣል፣ ቆጮ ይሆናል።

ይህን የምጽፈው ስለ ቲኮፒያ ስላነበብኩ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በሰለሞን ደሴቶች ዳርቻ ያለች 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሆን ደሴት ናት። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ይኖርባታል። ዲሴምበር 28፣ 2002 ዞዪ የተባለ እጅግ ብርቱ አውሎ ነፋስ መታት። ለቀናት ግንኙነት ተቋረጠ። ዓለም ሁሉም ሰው አልቋል ብሎ ፈራ። ጀልባ ሲደርስ ግን አንድም ሰው አልሞተም ነበር። ሰዉ ዋሻና የድንጋይ ጥግ ውስጥ ተጠልሎ አደረ። ምግባቸው ደግሞ ምን ነበር? ማሲ ይሉታል። የዳቦ ፍሬ የሚባል የዛፍ ፍሬ፣ ጎደሬ፣ ሙዝ በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፣ ይቦካል፣ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። አያቴ ቢያዩት «ይኼማ ቆጮ ነው» ይሉ ነበር።

የመናገሻዋ ያልሽው የመዝገብ ነገር እዚያም አለ። ሬይመንድ ፈርዝ የሚባል የባህል አጥኚ በ1928 እዚያ ኖሮ ሁሉንም ጽፎ ነበር። በ1952 ሲመለስ ደሴቲቱ በአውሎ ነፋስ ተመትታ ረኃብ ገብቷል። የቀድሞውን ስለሚያውቅ የተለወጠውን ማየት ቻለ፤ ድግሱ እንዴት እንደቀነሰ፣ ስርቆት እንዴት እንደበዛ። ዘመድ ለዘመድ እስከየት ድረስ እንደሚካፈልም ጻፈ።

ሱሉልታ_ወተት
ጥቅምት 4፣ ከጠዋቱ 12:50

ላሞቼን አልቤ መምጣቴ ነው። ከፖርቶ ሪኮ ግብርና ትልቁ ዘርፍ ወተት መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሸንኮራና ቡና ይመስለኝ ነበር።

ከማሪያ በኋላ ማቀነባበሪያዎቹ መብራት የላቸውም፣ ናፍጣ የለም፣ መንገድ ተዘግቷል። ላም ግን ካልታለበች ጡቷ ይታመማል። ስለዚህ ገበሬው ማለብ አለበት፣ ያለበውን ደግሞ መሬት ላይ ይደፋል። እኔ መብራት ጠፍቶ የሁለት ቀን ወተት የደፋሁ ሰው ነኝ። ያ ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ለወራት እንዲያ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል።

መንገዱም ሌላ ጣጣ ነው። በማሪያ ዝናብ በዚያች ደሴት ከ70,000 በላይ ቦታ ላይ መሬት ተንሸራቷል። ኡቱአዶ በሚባል ተራራማ ወረዳ ሪዮ አባሆ የምትባል መንደር ድልድይዋ ተወሰደ። ሰዎቹ ከወንዙ ማዶ ለማዶ ገመድ ወጥረው፣ የሱፐርማርኬት ጋሪ አንጠልጥለው ውሃና ምግብ አሻገሩ። ማንም እስኪመጣላቸው አልጠበቁም።

አድሁንታስ የምትባል ከተማ ደግሞ ካሳ ፑዌብሎ የሚባል የሕዝብ ማኅበር አለ። ከ1980 ጀምሮ የነበረ ነው። ከ1999 ጀምሮ ጣሪያቸው ላይ ሶላር ነበራቸው። አገሩ ሁሉ ጨልሞ እነሱ ጋ መብራት ነበር። ሰዉ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ፣ የታመመ ደግሞ መተንፈሻ ማሽኑን ለመሰካት እዚያ ይሄድ ነበር። ገንዘባቸው የሚመጣው ቡና እየሸጡ ነው። ለእኛ የወተት ማኅበር ይህን ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ አንድ ማቀዝቀዣ በሶላር። ገና እየተነጋገርንበት ነው። ልምድ ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ጀበና_አያት
ጥቅምት 4፣ ከቀኑ 9:15

ቡና ካነሣችሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ጅማ ተወልጄ አያት ነው የምኖረው። አረቢካ ከእኛ ጫካ የወጣ ነው። ፖርቶ ሪኮ የደረሰው በ1730ዎቹ ነው። በ1800ዎቹ መጨረሻ ዋናው የውጭ ንግዳቸው ቡና ሆነ። ተራራው በሙሉ ቡና ነበር።

ኦገስት 8፣ 1899 ሳን ሲሪያኮ የተባለው አውሎ ነፋስ መጣ። ስሙ ቅዱስ ሲሪያኮ በሚታሰብበት ቀን ስለመጣ ነው። እነሱም እንደኛ ቀኑን በቅዱሳን ነበር የሚጠሩት፣ በ1928 የመጣውም ሳን ፌሊፔ ተባለ። በ1899ኙ 3,000 ያህል ሰው አለቀ፣ የዚያ ዓመት ቡና ጠፋ። ቡና ደግሞ እንደ ጤፍ አይደለም። ብትተክዪው ደህና ፍሬ የሚሰጥሽ ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ቤተሰብ ምን ይበላል? በ1900 እና በ1901 ወደ 5,000 የሚሆኑ ሰዎች ሸንኮራ ሊቆርጡ ሃዋይ ድረስ ተሰደዱ። አብዛኞቹ የተራራ ቡና ሠራተኞች ነበሩ። ከካሪቢያን ደሴቶች እስከ ፓስፊክ፣ በአንድ ነፋስ ምክንያት።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። እኛ ጋ ቡና ያለ ጥላ አይታሰብም። ግን ጥላ ዛፉ ራሱ ነፋስ ሲጥለው ቡናው ላይ ነው የሚወድቀው። አባቴ ግራር መሳይ ጥላ ወድቆበት ሰባት እግር ቡና ሲሰበርበት አይቻለሁ። ስለዚህ «ዛፍ ካለ ሁሉም ይድናል» ብላችሁ እንዳትጽፉ። የትኛው ዛፍ፣ በምን ያህል ርቀት፣ መቼ የተገረዘ የሚለውን ጠይቁ።

የመናገሻዋ
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 2:00

ጀበና፣ ልክ ነሽ። ይህንን ነው የምፈልገው። «ዛፍ» ብለን ብቻ ከጻፍን ምንም አልጻፍንም።

ኬላው፣ አንተ ጋ ልመለስ። የደመና ቆጣሪ መልስ ምን አሰኘህ?

ኬላው
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 3:25

ለአባቴ አነበብኩላቸው። አንበጣው ጋ ስደርስ «ድገመው» አሉኝ። ከዚያ ስለ ነፋሱ ሳይሆን ስለ ጎርፉ ነው ያወሩት። ከማሳችን በላይ ያለው ኮረብታ ለቤት ሲቆፈር እርከኑ ፈረሰ። አሁን ዝናብ ሲመጣ አፈሩን ይዞ እኛ ማሳ ላይ ይወርዳል። «ነፋሱስ ያልፋል፣ አፈሩ ነው የማይመለሰው» አሉ። በዚህ ላይ የተጠና ነገር ካለ ንገሩኝ። ከልቤ ነው።

የመናገሻዋ
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 4:10

አለ። በደሴት ሳይሆን በመካከለኛው አሜሪካ ነው የተጠናው፣ ግን የአባትህ ጥያቄ ራሱ ነው።

በኦክቶበር 1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስንና ኒካራጓን አጠበ። ቀናት ሙሉ ዘነበ። ኤሪክ ሆልት ሂሜኔዝ የሚባል አጥኚ ከዚያ በኋላ ገበሬዎቹን ራሳቸውን አሰልፎ አስለካቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጎረቤታሞች የሆኑ፣ አቀማመጣቸው የሚመሳሰል ሁለት ማሳ ይያዛል። አንዱ እርከን፣ የሳር አጥር፣ ዛፍና ኮምፖስት ያለው፣ ሌላው እንደተለመደው የሚታረስ። በሁለቱም ላይ የቀረውን የላይ አፈር፣ እርጥበቱን፣ የተቦረቦረውን ይለካሉ። በሆንዱራስ፣ በኒካራጓና በጓቲማላ 1,804 ማሳ በዚህ መንገድ ታየ። የተጠበቀው ማሳ ብዙ አፈር አቆየ፣ እርጥበቱም ተሻለ፣ ኪሳራውም አነሰ።

አባትህ ያሉትም እዚያው ውስጥ አለ። ከላይ ያለው ኮረብታ ካልተጠበቀ፣ ተንሸራቶ የሚመጣው አፈርና ድንጋይ የታችኛውን ጎበዝ ገበሬ ማሳም ይዞት ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሁለቱ ማሳ ልዩነት ይጠፋል። አንድ ገበሬ ብቻውን የሚችለው ነገር አይደለም ማለት ነው።

የዚያ ጥናት ሌላው የወደድኩት ነገር፣ ነፋሱ ከመጣ በኋላም ቢሆን ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ማሳዎች አንዱ ለሌላው መዝገብ ይሆናል። የእኔን ባዶ ዓምድ በዚህ መሙላት እችል ነበር። አላወቅኩም።

መምህር_ለገጣፎ
ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 7:40

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ትናንት ይህን ክር ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አነበብኩላቸው። አንዷ ልጅ «መምህር፣ እንስሳቱስ?» አለችኝ። እሷ ስለጠየቀች ነው የምጽፈው።

ተርክስ እና ኬይኮስ በሚባሉት ደሴቶች ኮሊን ዶኒሂዩ የሚባል አጥኚ በ2017 ክረምት ትንንሽ እንሽላሊቶችን እየያዘ ይለካ ነበር። ሥራውን ጨርሶ በወጣ በቀናት ውስጥ ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ መጣ፣ ከዚያ ማሪያ ተከተለ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ተመልሶ ለካ። የተረፉት እንሽላሊቶች በአማካይ የጣታቸው መዳፍ ሰፋ ያለ፣ የፊት እግራቸው ረዘም ያለ፣ የኋላው ደግሞ አጠር ያለ ሆኖ ተገኘ። ለምን? ቅጠል የሚጠርግ የንፋስ ማሽን አምጥቶ እንጨት ላይ እንዳሉ ነፋባቸው፣ ከኋላ መረብ ዘርግቶላቸው ነው፣ አልተጎዱም። በፊት እግራቸው ጥምጥም ብለው ይይዛሉ፣ የኋላ እግራቸው ግን እንደ ሸራ ነፋስ ይይዝና ያስለቅቃቸዋል። ረጅም የኋላ እግር ያለው ቀድሞ ተነጠቀ ማለት ነው።

ካዮ ሳንቲያጎ በምትባል ከፖርቶ ሪኮ ጠረፍ ጥቂት ራቅ ያለች ትንሽ ደሴት ደግሞ ከ1938 ጀምሮ የሚጠኑ ጦጣዎች አሉ። ማሪያ አብዛኛውን ዛፍ ነቀለባቸው። በዚያ ሙቀት ጥላ ትልቅ ሀብት ሆነ። ይጣሉ ይሆናል ተብሎ ነበር። ግን እርስ በርስ መቻቻላቸው ጨመረ፣ በቀረችው ጥላ ሥር አብረው ተቀመጡ። ከሌሎች ጋር መቀመጥ የቻሉትም በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከፍ አለ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ጸጥ አለ።

የመናገሻዋ፣ ቆጠራ ከጀመራችሁ 40 ተማሪ አለኝ። ሜትር አንብበው ይጽፋሉ። ትራንስፖርቱን እኛ እንችላለን።

ጋሼ_ሱባ
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 1:30

መምህር፣ ልጆቹን ይዘህ ና። መጀመሪያ ግን ከደኑ አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቅ። ያለ ፈቃድ ዛፍ መንካት ደግ አይደለም። ለዚያ እኔ እሄዳለሁ፣ ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ዛፉ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ከላይኛው ጎን ትለካላችሁ። ሜትሩን በግንዱ ዙሪያ ታጠመጥማላችሁ፣ ሳይላላ፣ ሳይጣመም። ዙሪያውን፣ የዛፉን ዓይነት፣ ጫፉ ሙሉ ወይም የተሰበረ መሆኑን፣ ዘንበል ካለ ወደ የት እንደሆነ ትጽፋላችሁ። የተለካበትን ቦታ በቀለም አስምሩበት፣ የሚቀጥለው ሰው እዚያው ላይ እንዲለካ። ሚስማር አትምቱበት። ወረቀቱ ሁለት ቅጂ ይኑረው፣ አንዱ ትምህርት ቤት፣ አንዱ እናንተ ጋ። እኔ የጻፍኳቸው አሥር ደብተሮች ቢሮ ሲዛወር ጠፍተዋል። የአሥራ ስድስት ዓመት ሥራ ነበር።

የመናገሻዋ
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 2:15

ጋሼ፣ ስለ ደብተሮቹ ሳነብ እንባዬ መጣ። ሦስት ቅጂ እናደርጋለን።

ቅዳሜ ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ መናገሻ ከአስፋልቱ የሱባ መንገድ የሚገነጠልበት ጋ እንገናኝ። የደኑ ፈቃድ ከዘገየ በእኛ ግቢና በጎረቤቶቻችን ማሳ እንጀምራለን። ኬላው፣ የአባትህን ማሳና ከጎኑ ያለውን አብረን እንለካ፣ አባትህ እሺ ካሉ።

ኬላው
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 2:50

እሺ ብለዋል። አካፋ ይዘን እንጠብቃችሁ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የላይ አፈሩ ስንት ጣት እንደቀረ ማየት ይፈልጋሉ።

የመናገሻዋ
ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 1:05

የዛሬው፦

የእኛ ግቢ፣ ጽድ ቁጥር 1። ዙሪያው 142 ሳንቲ ሜትር፣ ጫፉ የተሰበረ፣ ወደ ምዕራብ ዘንበል ያለ።
ወይራ ቁጥር 2። 88 ሳንቲ ሜትር፣ ሙሉ።
ባሕር ዛፍ ቁጥር 3። ወድቆ ጉቶው ቀርቷል፣ ከጉቶው አራት ቡቃያ ወጥቷል።
የኬላው አባት ማሳ፣ የላይ አፈር፣ ከላይኛው ጫፍ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ከታችኛው 21። የጎረቤቱ ማሳ እርከን ያለበት፣ ከላይ 17፣ ከታች 19።

ቀሪውን 61 ዛፍ ልጆቹ ነገ ይገለብጡታል።